የጠዋቱን ፌሪ ያዙ

ባለፈው እትም የዛንዚባርን የባሕር ዳርቻዎች ካነሳሁ ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። አብዛኛው የሚጠይቀው ስለ መሻገሪያው ነው፤ ከዳሬሰላም ወደ ደሴቲቱ ስለሚሄደው ፌሪ። ዳሬሰላም ለሥራ በኖርኩባቸው ዓመታት በዚህ መስመር ደጋግሜ ተመላልሻለሁ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም እህታችን። እኔና ባለቤቴ ገና ተጋባን። ለጫጉላ ጊዜያችን ዛንዚባር ልንሄድ ነው። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ እንዳለ እናውቃለን። ግን መጀመሪያ ዳሬሰላም ያለችው እህቴ ጋ ጥቂት ቀን መቆየት እንፈልጋለን። ከዚያ በፌሪ ብንሄድ ይሻላል ወይስ በትንሿ አውሮፕላን? ሁለታችንም ባሕር ላይ ሄደን አናውቅም። ከየት እንደሚነሳ፣ በስንት ሰዓት፣ በስንት ብር፣ ሁሉንም ንገሪን።
አዲስ ተጋቢዎቹ

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ! ጋብቻችሁ የአብርሃምና የሣራ ይሁን።

ትንሿ አውሮፕላን በ20 ደቂቃ ገደማ ታደርሳችኋለች፤ ፌሪው ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ርቀቱ ከ70 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። እኔ ግን ስትሄዱ በፌሪ ሂዱ ነው የምላችሁ። የዛንዚባሯ ስቶን ታውን ፊቷን ወደ ባሕር አዙራ የተሠራች ከተማ ናት። ለዘመናት እንግዳ የተቀበለችው በመርከብ ነው። ከባሕር ስትቀርቧት ነጫጭ ሕንፃዎቿ፣ የድሮው ምሽግና የቅዱስ ዮሴፍ ካቴድራል ሁለት ማማዎች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። በአውሮፕላን ይህን አታገኙትም።

ከዚህ ዓምድ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ፦ የጠዋቱን ፌሪ ቁረጡ። የመጀመሪያው ከዳሬሰላም የሚነሳው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ትኬቱ ላይ 07:00 ተብሎ ይጻፋል። እዚህ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው። የወደብ ሠራተኛ «ሳ ሞጃ» ካላችሁ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። ነገሩ የሚደበላለቀው እንግሊዝኛ ሲገባበት ነው። ከታክሲ ሾፌር ጋር ስትቀጣጠሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ደግማችሁ አረጋግጡ።

ለምን ጠዋት? ባሕሩ ጠዋት ረጋ ይላል። ፀሐይ የብሱን እያሞቀች ስትሄድ ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ይበረታል፤ ከሰዓት በኋላ ሞገዱም ከፍ ይላል። ደግሞ የጠዋቱ ቢሞላ ወይም ቢሰረዝ የሚቀጥለው አለላችሁ። የመጨረሻው ከቀረባችሁ ግን አዳራችሁ ዳሬሰላም ነው። የከተማዋ የመኪና ጭንቅንቅም ቀላል አይደለም። ገና ሳይነጋ ከወጣችሁ መንገዱ ክፍት ነው።

የዛንዚባር ፌሪ የሚነሳው ከመሀል ከተማ፣ ከዳሬሰላሙ የቅዱስ ዮሴፍ ካቴድራል ፊት ለፊት ካለው ተርሚናል ነው። (አዎ፣ ሁለቱም ከተሞች በዚሁ ስም ካቴድራል አላቸው። ከአንዱ ፊት ተነስታችሁ የሌላውን ማማ እያያችሁ ትደርሳላችሁ። ይህን ሁልጊዜ እወደዋለሁ።) ለሾፌሩ «ፌሪ» ብቻ ካላችሁት ወደ ኪጋምቦኒ ፌሪ ሊወስዳችሁ ይችላል። እሱ ወደቡን ተሻግሮ ማዶ የሚያደርስ የከተማ ጀልባ ነው፤ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ከዓሣ ገበያው አጠገብ ነው ያለው። «ቦቲ ያ ዛንዚባር» በሉት፤ ወዲያው ይገባዋል።

ዋጋው ለውጭ ዜጋ በኢኮኖሚ 35 ዶላር አካባቢ ነው፤ ከፍ ያለው ማዕረግ ይጨምራል። እህታችሁ የታንዛኒያ የመኖሪያ ፈቃድ ካላት የምትከፍለው ያንሳል፤ ያ ዋጋ ግን ለእናንተ አይሠራም። ትኬቱን ከነገ ወዲያ ለመሄድ ዛሬ ቁረጡ። በኢንተርኔት ወይም ራሱ ቢሮው ሄዳችሁ ትቆርጣላችሁ፤ ፓስፖርት መያዝ አትርሱ። በጉዞው ቀን ደግሞ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ተገኙ። በሩ ላይ ሻንጣ ይፈተሻል፣ ሰልፍ አለ፣ ሰዉም ብዙ ነው።

ስለ መቀመጫ ልንገራችሁ፤ ይሄ ነገር ጉዞውን ያበጃል ወይ ያበላሻል። ፌሪው ሲነሳ መጀመሪያ ምንም አይታወቃችሁም። የዳሬሰላም ወደብ እንደ ገንዳ የተከበበ ነው፤ ውሃው ተኝቷል። በቀኝ የኪጋምቦኒ ጀልባዎች ሰውና መኪና ጭነው ይመላለሳሉ፤ በግራ የከተማው ፎቆችና የዓሣ ገበያው ያልፋሉ። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ ከጠባቡ የወደብ አፍ ስትወጡ የሞተሩ ድምፅ ይቀየራል። ፌሪው ይፈጥናል፣ አፍንጫው ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ፊት ለፊት ለመቀመጥ የተሽቀዳደሙት ሰዎች ጸጥ የሚሉት ያኔ ነው። ሠራተኞቹም የማስመለሻ ከረጢት ይዘው በመደዳዎቹ መሀል ማለፍ ይጀምራሉ። ስለዚህ ከኋላ፣ ክፍት አየር ባለበት በኩል ተቀመጡ። እዚያ መናወጡ ይቀንሳል፤ አድማሱም ይታያችኋል። ሻሽ ወይም ስስ ጃኬት ያዙ፤ ነፋሱ ጠንካራ ነው፣ አልፎ አልፎም ጨዋማ ውሃ ይረጫል።

ወደ መጨረሻው በቀኝ በኩል ቹምቤ የምትባል ትንሽ ደሴት ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1904 የተሠራ የመብራት ማማ አላት። እሷን ስታዩ ቀርባችኋል፤ ዕቃችሁን ሰብስቡ፣ ፓስፖርታችሁንም አውጡ። ዛንዚባርና በዋናው የብስ ያለችው ታንጋኒካ ተዋህደው አንድ አገር የሆኑት በ1964 ቢሆንም ደሴቲቱ የራሷ አስተዳደር አላት። ከዋናው የብስ የመጣም እንግዳ ፓስፖርቱን ያሳያል። ቪዛው ለሁለቱም ያገለግላል፤ ሌላ ቪዛ የሚጠይቃችሁ የለም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ግን ሁልጊዜ ከፓስፖርቱ ጋር ያዙ፤ ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ተጓዥ ግዴታ ነው። ክትባቱን ካልወሰዳችሁ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት ውሰዱ። ድሮ የወሰዳችሁ ከሆነ አሁን ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ሌላው የደሴቲቱ የጉዞ ኢንሹራንስ ነው። ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚ ሁሉ የዛንዚባርን ኢንሹራንስ መግዛት አለበት። ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ከቤት የያዛችሁት ሌላ ኢንሹራንስ ይህን አይተካም። በኢንተርኔት ቀድማችሁ ግዙና ማረጋገጫውን በወረቀት ያዙት፤ ወደብ ላይ ሰልፍ ያተርፋችኋል።

ስለ መመለሻው አንድ ምክር አለኝ። የአየር መንገዳችን ከዛንዚባርም ስለሚበር፣ ሲኬድ ዳሬሰላም የሚወርድ፣ ሲመለስ ከዛንዚባር የሚነሳ ትኬት ጠይቁ። ፌሪውን አንድ ጊዜ ብቻ ትጠቀማላችሁ፤ ለመመለስም ወደ ዳሬሰላም አትሻገሩም። ግድ በዳሬሰላም በኩል የምትመለሱ ከሆነ ፌሪውንና ወደ አገር ቤት የምትመለሱበትን በረራ በአንድ ቀን አታድርጉ። አንድ ቀን ቀድማችሁ ተሻገሩና እህታችሁ ጋ እደሩ። ባሕሩ ሲቆጣ ጉዞ ይዘገያል ወይም ይሰረዛል፤ አውሮፕላን ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ 9፣ ትንሿ 5 ዓመቷ ነው። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ፣ በሐምሌ መጨረሻ ዛንዚባር ልንወስዳቸው አስበናል። ትንሿ መኪና ውስጥ እንኳን ታስመልሳለች። ፌሪው ላይ ምን ይውጠናል?
የተጨነቀች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። መጀመሪያ ስለ ወሩ ልንገርሽ። በዚያ ባሕር ላይ ሁለት ታላላቅ ነፋሶች ይነግሣሉ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አካባቢ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ካስካዚ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም አካባቢ ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ኩሲ ነው። የኛ ክረምት ሙሉ በሙሉ ኩሲ ላይ ይወድቃል። አየሩ ቀዝቀዝ ያለና ዝናብ የሌለበት ስለሆነ ለደሴቲቱ ግሩም ወቅት ነው። ለመሻገሪያው ግን ከባዱ ነው። የገና ሰሞን ወይም ጥር ላይ ፈቃድ ብታገኙ ኖሮ ያንን እመርጥላችሁ ነበር። ክረምት ብቻ ከሆነ ዕድላችሁ ያው የጠዋቱ ፌሪ ነው።

ማቅለሽለሹ የሚመጣው ዓይንና ጆሮ ሲጣሉ ነው። የውስጠኛው ጆሮ ሰውነት እየተናወጠ መሆኑን ለአንጎል ይናገራል። ልጅቷ ደግሞ ዓይኗን ስልክ ወይም መጽሐፍ ላይ ከተከለች ዓይኗ «ቁጭ ብለናል» ይላል። አንጎል በሁለቱ መሀል ይጨነቃል፤ ሆድ ይገላበጣል። ስለዚህ ስልኩን ገና ከመነሳታችሁ በፊት ቦርሳ ውስጥ ክተቺው። ካርቱን ያረጋጋታል ብለሽ እንዳትሰጫት። አድማሱን እንድታይ ከኋላ ክፍት ቦታ ላይ አስቀምጫት፤ ታቅፈሽም ቢሆን። እዚያ ከሆናችሁ እጇን አትልቀቂ።

ባዶ ሆድ አይጠቅምም፤ ጥጋብም አይጠቅምም። ከመነሳታችሁ በፊት ደረቅ ዳቦና ሙዝ ይበቃታል። ወተትና ቅባት ይቅር። ዝንጅብል ብዙ ሰው ይረዳል። መድኃኒትም አለ። ለልጅ የሚሆነውን ዓይነትና መጠን ግን ከፋርማሲስት ወይም ከሐኪም ጠይቀሽ ውሰጂ፤ የአዋቂውን ክኒን ከፍለሽ አትስጫት። መድኃኒቱ የሚሠራው ከጉዞው በፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ሲዋጥ ነው። ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። አንዳንዱ እንቅልፍ ያመጣል፤ ለትንሿ ያ ራሱ ጸጋ ነው። ቅያሪ ልብስና እርጥብ መሐረብ ከላይ በያዝሽው ቦርሳ ይሁን። ትልልቆቹ ሻንጣዎች ፊት ለፊት ወይም ታች ተቆልለው ስለሚሄዱ መሀል መንገድ ላይ አታገኚያቸውም።

ትልቁን ልጅ ደግሞ ሥራ ስጪው። የቹምቤን የመብራት ማማ ቀድሞ ያየ አሸናፊ ነው በይው። ዓይኑ ከአድማስ አይነሳም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ 68 ዓመቴ ነው። ልጆቼ ዛንዚባር ሊወስዱኝ ተነስተዋል። እኔ ግን እዚያ ባሕር ላይ መርከብ ሰጥሞ ብዙ ሰው አለቀ ሲባል በሬዲዮ ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ለነሱ ፈርቻለሁ ማለት ከበደኝ።
አንድ አባት

መልስ፦ አባቴ፣ እውነት ነው። ፍርሃትዎም ተገቢ ነው፤ ለልጆችዎ ይንገሯቸው።

የሰሙት ሁለት አደጋዎችን ይመስለኛል። በመስከረም 2011 ስፓይስ አይላንደር የምትባል መርከብ ከዛንዚባር ወደ ጴምባ ደሴት በሌሊት ስትሄድ ሰጠመች። ከተፈቀደላት እጅግ የበለጠ ሰው ጭና ነበር። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2012 ስካጊት የምትባለው ደግሞ ከዳሬሰላም እኩለ ቀን አካባቢ ተነስታ በኃይለኛ ነፋስና ሞገድ ቹምቤ አጠገብ ተገለበጠች። በዚያም ብዙ ሕይወት ጠፋ። ስካጊት መጀመሪያ የተሠራችው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ላለ የተከለለ ውሃ ነበር። በኩሲ ወቅት ለሚናወጥ የሕንድ ውቅያኖስ አልነበረም።

ይህን የምነግርዎ እንዲፈሩ ብዬ አይደለም። ከሁለቱ አደጋዎች ምን መምረጥ እንዳለብን ይታያልና ነው። ዛሬ መስመሩን የሚሠሩት ትልልቆቹ ፈጣን ካታማራኖች፣ ሁለት ጎን ለጎን የተያያዘ ቀፎ ያላቸው፣ ሰፋፊ መርከቦች ናቸው። ትኬት በስም ይቆረጣል፤ ነፋሱ ሲብስም ጉዞ ይሰረዛል። የተሰረዘ ጉዞ ሲያጋጥምዎ ደስ ይበልዎ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው። ልጆችዎ ርካሽ ነው ብለው አሮጌና ዘገምተኛ መርከብ እንዳይመርጡልዎ፤ ሌሊትም እንዳይጓዙ። ሲገቡ ሰው ከመቀመጫ በላይ ሆኖ መተላለፊያው ላይ ከተቀመጠ፣ ወርዶ የሚቀጥለውን መጠበቅ ነውር የለውም። መቀመጫዎን ሲይዙ የሕይወት አድን ጃኬቱ የት እንዳለ ይጠይቁ፤ መውጫ በሩንም ይመልከቱ።

ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፤ ለጉልበት አይመችም። ልጆችዎ ወደ ላይኛው ፎቅ እንውጣ ቢሉ እምቢ ይበሉ። ታችኛው ፎቅ፣ መሀል ላይ፣ ለመናወጥም ለጉልበትም ይሻላል። ይህን ሁሉ ካዩ በኋላም ልብዎ ካልፈቀደ በአውሮፕላን ይሂዱ። ዛንዚባር ያቺው ናት።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ጀርባዬ ላይ ቦርሳ አንግቤ በትንሽ ሳንቲም ነው የምዞረው። ከዳሬሰላም ሰሜን ካለችው ከባጋሞዮ ከተማ በእንጨት ጀልባ በርካሽ መሻገር ይቻላል ይባላል። ወደብ ላይም ዋጋ የሚቀንሱ ልጆች አሉ አሉ። እንዴት ነው ነገሩ?
ዟሪው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም ተዋቸው።

የእንጨት ጀልባዎቹ፣ ዳው የሚባሉት፣ ሲያዩዋቸው ልብ ይሰርቃሉ። ሸራቸው ሲነፋ እኔም ቆሜ አያለሁ። ግን በእነሱ ከየብስ ወደ ዛንዚባር መሻገር ለውጭ ዜጋ አይፈቀድም። መብራትና የሕይወት አድን ጃኬት የሌላቸው አሉ፤ ነፋስ ከጠፋም መሀል ባሕር ላይ ሰዓታት ትቆማለህ። በዚህ መንገድ የገባህ እንደሆነ ፓስፖርትህ ላይም ጣጣ አለው። ዳው ላይ መሄድ ካማረህ ዛንዚባር ደርሰህ ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ሰዓት ተሳፈር። ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ደስ ይላል።

ተርሚናሉ በር ላይ «ቢሮው ተዘግቷል፣ ትኬት አልቋል፣ እኔ ጋ አለ» የሚልህ ደላላ አይጠፋም። የነዋሪ ትኬት ለውጭ ዜጋ የሚሸጥም አለ። በሩ ላይ ፓስፖርትህን ሲያዩ ይመልሱሃል፤ ገንዘብህ ቀረ። «ሃፓና፣ አሳንቴ» በልና ሳትቆም እለፍ፤ አይ፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ትኬት ከመስኮቱ ብቻ። ዛንዚባር ስትወርድም ሆቴል ላሳይህ የሚሉ አሉ። የመጀመሪያውን ሌሊት ማደሪያ ቀድመህ ከያዝክ ከነሱ ጋር ጉዳይ የለህም። ዶላር ከያዝክ ከ2006 ወዲህ የታተመና ያልተቀደደ ይሁን፤ አሮጌውን አይቀበሉህም።

መቆጠብ ከፈለግክ መቆጠቢያው ከወረድክ በኋላ ነው። ዳላዳላ የሚባሉት የሕዝብ ሚኒባሶች በጥቂት ሽልንግ ኑንግዊና ፓጄ ወደሚባሉት የባሕር ዳርቻዎች ያደርሱሃል። ታክሲ ለዚያው መንገድ ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። ሲመሽም ፎሮዳኒ መናፈሻ ላይ ከሚዘረጋው የምግብ ገበያ ትበላለህ፤ ዋጋውን ግን ሳያነሱልህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ዛንዚባር ሰው በዛባት ይባላል። ማፊያ የምትባለውስ ደሴት? በፌሪ ይደረሳል?
ጸጥታ ፈላጊ

መልስ፦ ይደረሳል፤ ግን ሌላ ዓይነት ጉዞ ነው። ከዳሬሰላም በመኪና ወደ ደቡብ ተጉዘሽ ኒያሚሳቲ ከምትባል መንደር ነው የምትሳፈሪው፤ መድረሻው ኪሊንዶኒ ነው። የጀልባዎቹ መነሻ ከባሕሩ መሙላትና መጉደል ጋር ስለሚሄድ እንደ ዛንዚባሩ ሰዓት ቆጥረሽ የምትይዢው አይደለም። ጊዜ ካለሽ፣ ግዙፉን የዓሣ ነባሪ ሻርክ ማየትም ከፈለግሽ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ሂጂ። የዕረፍትሽ ቀናት የተቆጠሩ ከሆኑ በትንሿ አውሮፕላን ሂጂ።

ጥያቄ፦ ለመዋኘት ኑንግዊ ይሻላል ወይስ ፓጄ? ልብስስ እንዴት ነው?
ሁለት ጓደኛሞች

መልስ፦ ለመዋኘት ኑንግዊና ኬንድዋ። ሰሜን ላይ ስለሆኑ ባሕሩ ሲጎድል እምብዛም አይርቅም። ፓጄ ላይ ውሃው እስከ ሩቅ ድረስ ይሸሻል፤ ለመዋኘት ሰዓት መጠበቅ አለባችሁ። በሸራ እየተነፉ ውሃ ላይ መንሸራተት ለሚወዱ ግን ፓጄ ነው።

የደሴቲቱ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። የዋና ልብስ ባሕር ዳር ብቻ ይሁን። ፌሪው ላይና ስቶን ታውን ውስጥ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልበሱ። ለሻንጣችሁ ደግሞ ስስ የፕላስቲክ ከረጢት አትያዙ፤ ዛንዚባር በ2006፣ ዋናው ታንዛኒያ በ2019 አግደውታል። ጫማችሁን በጨርቅ ከረጢት ጠቅልሉት።